ቢላ ያልመጣለት ዳቦ

አጎቴን ሠራተኛው ሁሉ «አፍንጫው» ይለው ነበር። በስድብ አልነበረም፤ በማዕረግ ነው። ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ሲሆን ከምድጃው የወጣው የመጀመሪያው ዳቦ በነጭ ፎጣ ተሸፍኖ ይቀርብለታል። እሱ በቢላ ለሁለት ይከፍለዋል፣ ፊቱን ውስጡ ይደፋል፣ ዓይኑን ይጨፍናል። ሠላሳ የሚሆን ሰው፣ ጋጋሪው፣ አቡኪው፣ ሹፌሩ፣ ትንፋሹን ይዞ ይጠብቃል። ቀና ብሎ «ይውጣ» ካለ መኪኖቹ ይጫናሉ። «ይቆይ» ካለ የዚያ ዙር ዳቦ በሙሉ ለከብት መኖ ይሄዳል። ያኔ ስምንት ዓመቴ ነው። እግዜር ዓለምን ፈጥሮ ሲጨርስ መልካም መሆኑን አየ ሲባል በሰማሁ ቁጥር ፊቴ ላይ ድቅን የሚለው ሙሉ ልብስ የለበሰው፣ ጢሙ ላይ ፍርፋሪ የቀረው አጎቴ ነበር።

አሁን አርባ ስምንት ዓመቴ ነው፣ ፋብሪካውን የምመራው እኔ ነኝ፣ አጎቴንም እጠላዋለሁ። ይህን አስቀድሜ መናገር ይሻላል፤ አለዚያ መሐል ላይ ሲደርስ «ምነው እንዲህ ጨከነች» የሚል አይጠፋም። አዎ፣ ጨክኛለሁ። ምክንያቴ የአባቴ ቀኝ እጅ ነው።

ዳቦ ቤቱ የተጀመረው እኔ ከመወለዴ በፊት ከቤታችን ጓሮ ነው። አባቴ ግንበኛ ነበር። ከፈረሰ ቤት የተረፈ ጡብ ለቃቅሞ ምድጃውን በእጁ ሠራው፤ እናቴ አቦካች፣ ጋገረች። የአባቴ ታላቅ ወንድም ደግሞ አፍ ነበረው፣ ምላሱ ቅቤ ነው፤ ዳቦውን በእጅ ጋሪ እየገፋ ከሻይ ቤት ሻይ ቤት ዞሮ ሰዉን አስለመደው። ጋሪው ብስክሌት ሆነ፣ ብስክሌቱ ጎኑ የተላጠ አሮጌ መኪና ሆነ። ጓሮው ሲጠባቸው ከመንገዱ ማዶ የነበረውን የተዘጋ የእንጨት መጋዘን ያዙ። የንግድ ፈቃዱ በአጎቴ ስም ወጣ፤ ታላቅ ነዋ። በወንድማማቾች መሐል ወረቀት የሚያገላብጥ ማን አለ። እኔ ነፍስ ሳውቅ ሁለት ትልልቅ ምድጃ፣ በኤሌክትሪክ የሚዞር የማቡኪያ ማሽንና ሦስት መኪና ነበረን። የመኪኖቹ በር ላይ አንድ ላይ የታሰሩ ሁለት የስንዴ ዛላዎች ተስለዋል። አንዱ አባባ ነው፣ አንዱ አጎትሽ ነው ብላ እናቴ አሳይታኛለች።

ሰባት ዓመት ሲሆነኝ የማቡኪያው ማሽን የአባቴን ሦስት ጣቶች በላ። የነገሩኝ እንዲህ ነው፣ «በላ» ብለው፤ እኔም ለብዙ ጊዜ ጣቶቹ አንዱ ዳቦ ውስጥ ይኖራሉ ብዬ እየፈራሁ ዳቦዬን ቆራርሼ ካላየሁ አልጎርስም ነበር። እንዴት እንደሆነ ስጠይቅ አጎቴ ጭኑ ላይ አስቀመጠኝ። ከመዝለል ስለማላርፍ ቁንጫ ነበር የሚለኝ።

«አባትሽ እንቅልፋም ነው፣ ቁንጫዬ» አለኝ። «ማሽን ፊት አይንቀላፋም። እሱ አንቀላፋ።»

አመንኩት። በአንድ ጊዜ ሠላሳ ሰው የሚያምነውን እኔ እንዴት አላምነውም።

አባቴ ቁስሉ ሲደርቅለት አዲስ ሥራ ተሰጠው፤ በር ላይ። ሰማያዊ ቆብ፣ ፊሽካ፣ የበሩን ሰንሰለት ቁልፍና የራሱን ወንበር ሰጡት። የደስታዬን ነገር ተዉት። ማን እንደሚገባና ማን እንደማይገባ የሚወስነው አባቴ ነው ብዬ ክፍል ውስጥ ጉራዬን ነዛሁ። አጎቴ ራሱ መኪናውን አቁሞ፣ ጥሩምባ ነፍቶ፣ አባቴ እስኪከፍትለት ይጠብቃል፤ ታዲያ ከሁለቱ ማን ይበልጣል? የሚያሳስበኝ አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ እንቅልፉ። ከትምህርት ቤት ስመለስ ከኋላው ቀስ ብዬ እመጣና እንዳያንቀላፋ ጆሮው ሥር አጨበጭባለሁ። ይደነግጣል፣ ዞር ብሎ ያየኛል፣ ከዚያ ይስቃል።

«ነቅቻለሁ፣ ልጄ» ይለኛል። «ነቅቻለሁ።»

በየቀኑ ነበር የማደርገው፣ አንድ ዓመት ሙሉ። ዛሬም ትዝ ሲለኝ ብቻዬን መኪና ውስጥ ሆኜ ፊቴን በእጄ እሸፍናለሁ።

እውነቱን የነገረኝ ሃያ ዓመት ሲሞላኝ ከአባቴ ጋር ማሽኑ ላይ ይሠራ የነበረው ሽማግሌ አቡኪ ነው። ማሽኑ የብረት ክዳን ነበረው፤ ክዳኑ ሲነሳ ማሽኑ ይቆማል። ዱቄት በተጨመረ ቁጥር መቆሙ አጎቴን አንገበገበው፣ ትዕዛዝ በዝቶበታል። መካኒክ ጠርቶ ክዳኑን አስነቀለ፣ ማሽኑም ሳይቆም እንዲዞር አስደረገ። አባቴ «ይሄ ነገር የሰው እጅ ይበላል» አለው። «ከፈራህ ዞር በልና ሌላ ሰው አቆማለሁ» አለ አጎቴ። አባቴ ሌላ ሰው ማስቆሙን አልፈቀደም፤ ራሱ ቆመ። በሦስተኛው ሳምንት የሆነው ሆነ። በማግስቱ ክዳኑ ተመልሶ ተገጠመ፣ አንቀላፍቶ ነው የሚለው ወሬም ከአጎቴ አፍ ወጣ። አባቴ ለምን ዝም አለ ብትሉኝ፣ ታላቅ ወንድም አይከሰስም ብሎ ነው። የቤታችን በሽታ ይሄ ነበር።

እናቴም ዝም አለች። በልጅነቴ ግድ የሌላት ይመስለኝ ነበር። አንድ ቀን እህቷ ልትጠይቀን መጥታ ወጥ ቤት ውስጥ በሹክሹክታ ስትቆጣት ሰምቻለሁ።

«ባልሽን እንደ ውሻ በር ላይ አስሮት አንቺ ጧት ጧት ዳቦ ታቀርቢለታለሽ? ደም የለሽም እንዴ?»

«ዝም አይነቅዝም» አለች እናቴ፣ ሽንኩርቷን እየከተፈች።

እኔ ስለ ዱቄት የሚያወሩ መሰለኝ። ስለ ውሻውም ትንሽ ግር አለኝ፤ ውሻ አልነበረንም። ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት ይባላል። እናቴ ግን አንድም ቀን ስትስል ተሰምታ አታውቅም።

እኔን የሚያሳፍረኝ ሌላ ነገር ነበር፤ እናቴ ዘንጊ ናት። የመጀመሪያውን ዳቦ በትሪ ይዛ የምትቀርበው እሷ ናት፣ ቢላውም ከዳቦው አጠገብ መቀመጥ አለበት። አብዛኛውን ቀን ይቀመጣል። በወር ሁለቴ ሦስቴ ግን ትረሳዋለች። ያን ጊዜ አጎቴ ፎጣውን ይገልጥና ይጮሃል።

«ቢላውስ? በጥርሴ ልዘንጥለው? አንቺ ሴትዮ፣ ጭንቅላትሽን ከሊጡ ጋር አቡክተሽዋል?»

ሠራተኛው ይስቃል። እናቴ አንገቷን ደፍታ «ይቅርታ፣ ጋሼ» ትላለች፣ ሄዳ ታመጣለች። እሱ ቆርጦ ያሸታል፤ ሁልጊዜም፣ ሁልጊዜ፣ ቢላ በተረሳበት ቀን «ይቆይ» ይላል። እኔ ትምህርት በማይኖርበት ቀን ዱቄት ማዳበሪያ ላይ ተቀምጬ ይህን አይ ነበር፤ የደረስኩበትም መደምደሚያ ግልጽ ነው። አጎቴ ቢላ ሲረሳበት ይናደዳል፤ ሲናደድ ዳቦውን ይጥላል። ያ ሁሉ ዳቦ ለላም የሚሰጠው በእናቴ ዝንጉነት ነው። አንድ ቀን እኔ ቢላውን ባቀብላት ዳቦውም እናቴም ይተርፋሉ ብዬ እመኝ ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። አጎቴ አያሸትም። የራሱን ካልሲ እንኳ ማሽተት አይችልም። አባቴ ከመጎዳቱ ሁለት ዓመት በፊት ከባድ ጉንፋን ይዞት ሦስት ሳምንት ተኝቶ ሲነሳ አፍንጫው ሞቷል። መጀመሪያ ያወቀችው እናቴ ናት፤ ቤታችን መጥቶ ድስት አጠገቡ ከሰል እስኪሆን ሲያር እግሩን አነባብሮ ጋዜጣ ያነብ ነበር። ሲጋለጥ አለቀሰ። «ካወቁብኝ ሰው ፊት አልቆምም፤ አንቺ ቤተሰብ ነሽ» ብሎ እግሯ ላይ ሊወድቅ ምንም አልቀረውም። እሷም ዳቦ ቤቱ የሁላችንም ነው ብላ ተስማማች። ዳቦው ደህና ከሆነ ከነቢላው ታቀርባለች። ኮምጥጦ፣ ጨው በዝቶበት ወይ እርሾው ወድቆ ከሆነ ቢላውን «ትረሳለች»። እሱ ይሰድባታል፣ ከዚያ የሚያሸት መስሎ «ይቆይ» ይላል። ሠላሳ ሰው ትንፋሹን የሚይዝለት አፍንጫ የእናቴ ነበር፤ ስድቡም የሷ ድርሻ ነበር። የአባቴን ጣቶች አስበልቶ በር ላይ ካስቀመጠው በኋላም አንድ ዓመት ሙሉ አንድም ቀን ሳታዛባ ምልክቱን ሰጠችው። ስለዚህ ያምናታል። ያን እምነት ነበር ስታቦካ የከረመችው።

ከዚያ የትልቁ ሆስፒታል ግዢ ክፍል ሰዎች መምጣት ተሰማ። ለሕሙማኑ፣ ለሠራተኛው፣ ለነርሶች ትምህርት ቤቱ፣ ለሁሉም ዳቦ የሚያቀርብ ድርጅት ፈልገው ነበር፤ ያን ውል ያገኘ ዳቦ ቤት መሆኑ ቀርቶ ፋብሪካ ይሆናል። ወለሉ ሦስት ቀን ታጠበ። ሠራተኛው አዲስ ሽርጥ ለበሰ። ዕለቱ የትምህርት ቀን ነበር፣ እናቴ ግን ፀጉሬን እየጎነጎነች «ዛሬ ትምህርቱ ይቅርብሽ» አለችኝ። ጆሮዬን አላመንኩም። እናቴ ትኩሳት ይዞኝ እንኳ ትምህርት ቤት የምትልከኝ ሴት ናት።

ማዳበሪያው ላይ አስቀመጠችኝና በጨርቅ የተጠቀለለ ነገር ጭኔ ላይ አደረገችልኝ። ቢላው ነው።

«እኔ እንደሆንኩ መርሳት አመሌ ነው» አለችኝ። «ዛሬ እንግዶች ፊት እንዳልዋረድ። አጎትሽ ‹ቢላውስ› ሲል ብቻ ታመጪዋለሽ፣ እሺ? ከዚያ በፊት ንቅንቅ እንዳትዪ።»

«እሺ፣ እማ።»

ሲመኙት የኖሩት ነገር ሲሰጥ ልብ እንዴት እንደሚመታ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። በሁለት እጄ ጨምድጄ ያዝኩት።

እንግዶቹ ሦስት ነበሩ። ሁለት ሰነድ የያዙ ወንዶችና የሆስፒታሉ ወጥ ቤት ኃላፊ፤ ቀጭን፣ ነጭ ጋውን የለበሰች፣ መነጽሯን በክር አንገቷ ላይ ያንጠለጠለች ሴትዮ። አባቴ በሩን ከፈተላቸው። ከተቀመጥኩበት በተከፈተው በር በኩል ይታዩኛል። ሴትየዋ የአባቴን እጅ አየችና ቆም አለች።

«እጅህን ምን ሆነህ ነው?»

አባቴ አፉን ሳይከፍት አጎቴ ቀደመው። «ዘበኛችን ነው። ሥራ ላይ አንቀላፍቶ ማሽን ቆረጠው። እኛ ግን አልጣልነውም፣ ሰው ነዋ።»

አባቴ ቆቡን አስተካክሎ ፈገግ አለ። እኔ ኮራሁ። ከሠራተኛው ሁሉ መጀመሪያ ያስተዋወቀው አባቴን ነው። እናቴ ምድጃው አፍ ላይ ቆማ ነበር፤ ሰምታለች። ትሪውን አነሳች።

ሁሉም ክብ ሠርተው ቆሙ። እናቴ መሐል ገብታ ትሪውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። አጎቴ ፎጣውን ገለጠ፤ ቢላ የለም። ያን ጊዜ ፊቱ ላይ ያየሁት ቁጣ መስሎኝ ነበር። አሁን ሳስበው ምስጋና ነው። በዚያ ቀን እንኳ ከጥፋት ልታድነው ነው፤ «ይቆይ» ይላል፣ ጥንቃቄያችን እንዲህ ነው ብሎ ለእንግዶቹ ይኩራራል፣ ሌላ ዳቦ ያስመጣል።

«ቢላውስ?» አለ ጮክ ብሎ። «አንቺ ሴትዮ —»

ሮጥኩ። በሰዎቹ እግር መሐል ሾልኬ ጠረጴዛው ጋ ደረስኩና ጨርቁን ፈትቼ ቢላውን ዳቦው አጠገብ አስቀመጥኩት፣ ልክ እናቴ እንደምታስቀምጠው። እንግዶቹ ሳቁ። ዳቦው እቤት ያለውን የላምባ ምድጃ ይሸታል፤ ለእንግዳ የተለየ ነገር ጨምረውበት ይሆናል ብዬ አለፍኩት። አጎቴ ቢላውን አየ፣ እናቴን አየ። እናቴ ወለሉን ታያለች። ቢላው መጥቷል፤ ቢላ ካለ ደግሞ ዳቦው ደህና ነው። በእውነት ረስታው ልጅቷ ደረሰችላት፣ ወይስ ምልክት ልትሰጠው ነው ያልያዘችው? የሚጠይቃት ነገር አይደለም፤ ሰው ቆሟል፣ ኃላፊዋ መነጽሯን አድርጋለች። አጎቴ ፀጉሬን ዳበሰኝ።

«ጎበዝ፣ ቁንጫዬ» አለኝ።

ዳቦውን ለሁለት ከፈለው። ለእንግዶቹ ሲል ከወትሮው አስረዝሞ ፊቱን ቀበረበት፣ ዓይኑን ጨፈነ፣ ትከሻው ከፍ ዝቅ አለ።

«ይሄ» አለ ቀና ብሎ፣ «የእናቴን ጓዳ ያስታውሰኛል። ይውጣ።»

ሴትየዋ መሐረቧን አፍንጫዋ ላይ አድርጋለች። «ጌታዬ፣ ይሄ ላምባ ነው።»

«ምኑ?»

«ዳቦው። ላምባ ይሸታል። እዚህ ድረስ ይሸታል።»

አጎቴ እንደገና አሸተተ። «ዱቄቱ አዲስ ስለሆነ ትንሽ... ገና ትኩስ ስለሆነ ነው» አለ። ላቡ በጆሮው ሥር ይወርዳል። ከሠራተኞቹ አንዱ፣ ማን እንደሆነ አላውቅም፣ በአፍንጫው ሳቀ። ሴትየዋ መነጽሯን አውልቃ ትንሽ ጊዜ አየችው። ዕድሜ ልኳን ከታመመ ሰው ጋር የኖረች ሴት ናት።

«እርስዎ አያሸቱም» አለችው፣ ለስለስ ብላ። «ስንት ጊዜ ሆነዎት?»

አጎቴ ዳቦውን በሁለት እጁ እንደያዘ ቀረ።

እናቴ ወደ ሁለተኛው ምድጃ ሄደች። እዚያ ሌላ ዙር ነበራት፤ ንጹሕ፣ ቀላ ብሎ የወጣ። አንዱን በእጇ ገምሳ አሸተተችና ለሴትየዋ ሰጠቻት። «ይሄ ከላይኛው መደርደሪያ ነው፣ ሁለት ደቂቃ አልፎበታል። ያኛው ከታች ነው፣ እሱ ይሻላል። ጨዉ ልክ ነው፣ እርሾው ግን ነገ ይበልጥ ይጣፍጣል።» ሴትየዋ አሸተተች፣ ቀመሰች፣ ከታች የተባለውን አስመጥታ ቀመሰች።

«እኔ የምፈርመው በየቀኑ እሷ የምታሸተው ከሆነ ነው» አለች ለአጎቴ።

ሁሉም ወደ እናቴ ዞረ። እናቴ እጇን ሽርጧ ላይ ጠረገች። ድምጿን ከፍ እንኳ አላደረገችም።

«እኔ የማሸተው ባለቤቴ ከበሩ ሲነሳ ነው፣ ጋሼ» አለች።

እሱም በእሺታ አንገቱን ነቀነቀ። ሌላ ምን ያድርግ።

እኔ ማዳበሪያዎቹ ኋላ ተደብቄ አለቀስኩ። ቢላውን በጊዜው አምጥቼ ሁሉ ነገር ተበላሸ፤ ምን እንዳጠፋሁ ባላውቅም የአጎቴ ፊት እንደዚያ የሆነው እኔ ከደረስኩ በኋላ ነው። ከሰዓት በኋላ ሄጄ ይቅርታ ጠየቅኩት።

«አንቺ ምን ታደርጊ» አለኝ ግድግዳውን እያየ። «ልጅ ነሽ።»

አባቴ የምድጃዎቹ ኃላፊ ሆነ፤ ግራ እጁና ሁለቱ ጣቶቹ ይበቁታል። እናቴ ሠላሳ ዓመት የመጀመሪያውን ዳቦ አሸተተች። ከሆስፒታሉ ቀጥሎ ትምህርት ቤቶቹ መጡ፣ ከዚያ በላስቲክ የታሸገውና የተቆራረጠው ዳቦ መጣ፣ ከዚያ ይሄ ፋብሪካ። የአጎቴ ቢሮ በሩ አጠገብ ወዳለችው ክፍል ተዛወረ፤ «ለእንግዳ ይቀርበዋል» አለች እናቴ። በመስኮቱ በኩል የሚገባውንና የሚወጣውን እያየ አሥራ አንድ ዓመት ተቀመጠ። እኔ በልጅነቴ ያንን ክፍል ተመኝቼዋለሁ፤ መስኮቱ ፀሐይ ነበረው።

እናቴ የነገረችኝ ከመሞቷ በፊት በነበረው ዓመት ነው። ከሰዓት በኋላ ነበር፣ በረንዳ ላይ ቁጭ ብለን።

«ላምባውን በጣቴ ጫፍ ነው የቀባሁት፣ የመጋገሪያው ቆርቆሮ ጠርዝ ላይ» አለችኝ። «ቢላውን አንቺን ያስያዝኩሽ ‹እኔ እኮ አልያዝኩም ነበር› ማለት እንድችል ነው። ላንቺ ነግሬሽ ቢሆን ፊትሽ ላይ ያስታውቅ ነበር።»

«ስንት ዓመት የኔ ጥፋት ነው ብዬ እንዳለቀስኩ ታውቂያለሽ?»

«አውቃለሁ። በዚያ ነገር ብቻ ነው የተጸጸትኩት።»

«እኔን ያናደደኝ ሌላ ነው» አልኳት። «ብትነግሪኝ ኖሮ የበለጠ እሮጥ ነበር።»

እንባዋ እስኪፈስ ሳቀች። ከዚያ እንባዋን ጠረገችና «ከበሩ አነሳሁት» አለችኝ። «ስሙን ግን አላነሳሁለትም። ያ ሰውዬ ዛሬም ‹አንቀላፍቶ ነው› እንዳለ ነው።» እውነቷን ነበር። ለቅሶ ቤት ሳይቀር፣ አዲስ ሰው የአባቴን እጅ ባየ ቁጥር፣ አጎቴ ያንኑ ይደግመዋል። አባቴ ይሰማል፣ አንገቱን ይደፋል። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ይባላል፤ የኛው ወጊ አልረሳም፣ ሌላ ታሪክ ሠራለት እንጂ።

እናቴ ከሞተች በኋላ አጎቴ ይደውልልኝ ጀመር። ሰማንያ ዓመት ሞልቶታል፣ እግሩ አይሸከመውም።

«አንድ ነገር ንገሪኝና ልሙት» ይለኛል። «ያን ቀን በራስሽ ነው የሮጥሽው ወይስ እናትሽ ናት ያዘጋጀችሽ?»

አርባ ዓመት ሙሉ ለሰው ሲያወራ የኖረው የልጅ ነገር ነው፣ ዕድል ነው፣ የአምላክ ሥራ ነው እያለ ነው። ማንም ሰው አላሸነፈኝም ማለቱ ነው። ሲመሽበት ግን ነገሩ ያሳክከዋል። እናቴ ከሆነች ያን ሁሉ ዓመት «ይቅርታ፣ ጋሼ» ስትለው እያየችው ነበር ማለት ነው። አንዱን ቢያውቅ ያርፋል፤ ወይ ዕድሉን ያማርራል፣ ወይ እሷን ይረግማል። ሁለቱ መሐል ተንጠልጥሎ መሞት ነው ያስፈራው።

«እነግርሃለሁ» አልኩት አንድ ቀን። «መጀመሪያ አንተ የማሽኑን ክዳን ነገር ተናገር። በስልክ አይደለም። አባቴ ባለበት፣ ሠራተኛው ፊት።»

«ቃልሽ ነው?» አለኝ።

«ቃሌ ነው።»

ባለፈው ወር አዲሱን የምድጃ መስመር ስናስጀምር ወንድ ልጁ አጎቴን በተሽከርካሪ ወንበር እየገፋ አመጣው። ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ነው፤ የሁለቱ ፈረቃ ሠራተኞች ሁለት መቶ ምናምን ሰው ሆነው ቆመዋል። አባቴ ከፊት ነው፣ በግራ እጁ ሻይ ይዟል። ለምን እንደጠራሁት አልነገርኩትም። ድርጅቱን የጀመሩት ወንድማማቾች አሉ፣ ታላቅየው የሚለው አለው አልኩና ማይክሮፎኑን ለአጎቴ ያዝኩለት።

ከንፈሩን ሁለቴ ላሰ። ልጁን አየ፤ ልጁ ምንም አያውቅም።

«የማቡኪያውን ክዳን ያስነቀልኩት እኔ ነኝ» አለ። ድምፁ በድምፅ ማጉያው ወፍሮ አዳራሹን ሞላው። «ወንድሜ እጅ ይበላል ብሎኝ ነበር። አልሰማሁትም። እሱ አላንቀላፋም። አንቀላፋ ያልኩት እኔ ነኝ።»

ወጣቶቹ ሠራተኞች ግራ ገብቷቸው ይተያያሉ፤ የሽማግሌው አቡኪ ልጅ፣ አሁን ፈረቃ መሪያችን የሆነው፣ ፊቱን አዞረ። አባቴ ሻዩን ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠ።

«በቃ፣ አልከው» አለ ለወንድሙ። ከዚያ ጎንበስ ብሎ የማይክሮፎኑን ሽቦ ከወንበሩ ጎማ ሥር አወጣለት፣ እንዳይጠላለፍበት። አባቴ እንዲህ ያለ ሰው ነው፤ እኔ እሱን አልወጣሁም።

ሠራተኛው ወደ ሥራው ተበተነ። ልጁ ወንበሩን ሊገፋ ሲል አጎቴ የጋውኔን እጅጌ ያዘኝ። ዓይኑ አቅርሯል፣ ግን የተናዘዘ ሰው ቅለት ፊቱ ላይ ነበረ፤ ዕዳው አልቆ ደሞዙን የሚጠብቅ ሰው ይመስላል።

«እንግዲህ ቃልሽን» አለኝ። «ማን ነው የላከሽ?»

ጎንበስ አልኩ። የዚያን ቀን ጨርቁ እንዴት እንደተጠቀለለ፣ እናቴ ፀጉሬን ስንት ቦታ እንደጎነጎነችው፣ ወለሉ የት የት ጋ ገና እርጥብ እንደነበረ፣ የሱ ላብ በየትኛው ጆሮው ሥር እንደወረደ ሁሉም ፊቴ ላይ ነበር።

«ልጅ ነበርኩ እኮ፣ አጎቴ» አልኩት። «አላስታውስም።»